ከቋጠሮው በታች የወረደው ኮከብ

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ፣ ቀላል። ባሕሩ ተኝቷል። ሃያ ስምንት ዓመት በንግድ መርከብ ላይ መሪ ስጨብጥ የለመድኩት ነውና ጡረታ ወጥቼም ማስታወሻዬን በነፋስ ካልጀመርኩ እጄ አይታዘዝልኝም።

ዛሬ አማቴን ማልሚ ዘይኑዲንን ልክ አስገባሁት። በደሴታችን ከቀሩት ማልሚዎች የመጨረሻው እሱ ነው። መርከብን በኮከብ የሚመራ ሰው ከእንግዲህ አይወለድም ይላል፣ ራሱን ሲያሞግስ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ምላሱ ግን ምላጭ ነው። የምንኖረው እንደ ደሴታችን እንደ ሚኒኮይ ወግ በሚስቴ በሐዋ ቤት ስለሆነ ጧት ማታ ፊት ለፊት ነን።

ከእራት በኋላ ከሲንጋፖር ያመጣሁትን፣ ያለንበትን ቦታ ከሰማይ ሳተላይት የሚያነበውን ጂፒኤስ አወጣሁ። ሐዋ፣ ወንድሟ ጣሂር፣ ሁለት ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ማልሚ ከጥጉ ሆኖ፣ «ይሄ ሳጥንህ ጣራ ሥር ሆኖ ሰማይ ይታየዋል?» አለኝ። ያለ ሳተላይት የውሸት ጉዞ የሚያሳይ መለማመጃ የሚባል ነገር እንዳለው ትዝ አለኝና ነካካሁት። ከካልፔኒ ደሴት ተነስታ ወደ እኛ የምትመጣ ጀልባ ሠራሁ። ትንሿ ምልክት በመስታወቱ ላይ እየተሳበች ወደ ቤት መጣች። ሁሉም አፉን ከፈተ። ልምምድ መሆኑን አልተናገርኩም፤ ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል?

ማልሚ፣ «እኔ ሰማይ ለማየት ደጅ እወጣለሁ። ያንተው ከቤት ሆኖ ካየ በልጦኛል» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ስንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ሳቅ ነው። ከሳቁ በኋላ ሻይ መጣ፣ ሳጥኑንም ዘግቼ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

ነፋስ እንደ ትናንቱ።

ከጁምዓ በኋላ ጣሂር ጂፒኤሱን ለነገ አውሰኝ አለኝ። የመንደራችን የቱና ጀልባ ካፒቴን እሱ ነው፤ ሰባት ሆነው ይወጣሉ። ሰጠሁት። እንዴት ደስ አለው! የሐዋ ታናሽ ነው፤ እሷ ናት ያሳደገችው። በልጅነቱ ከመርከብ ስመለስ ሻንጣዬን የሚቀበለኝ እሱ ነበር።

ማልሚም የኮከብ መለኪያ ሰሌዳውን ይዞ መጣ። መዳፍ የምታህል እንጨት ናት፣ መሃሏ ላይ ክር አላት፣ ክሩ ላይ ቋጠሮዎች፣ ለየአገሩ አንድ። ቋጠሮውን በጥርስ ነክሰህ፣ ክሩን ወጥረህ፣ የእንጨቷን ታች ከባሕሩ ጠርዝ ታጋጥማለህ። የሰሜን ኮከብ ላይኛውን ጫፍ ከነካ የዚያ ቋጠሮ አገር ትይዩ ነህ። የኛ ደሴት የራሷ ቋጠሮ አላት። ኮከቡ ከዚያ ዝቅ ካለ ወደ ደቡብ አልፈሃል ማለት ነው።

ጣሂር፣ «አባ፣ ይሄን ነክሼ ስቆም ዓሣው ራሱ ይስቅብኛል» አለ። ኢድሪስ ግን እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ኢድሪስ የጀልባው ሞተረኛ ነው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው፣ ከማልሚ ሥር ተቀምጦ የኮከብ ነገር የተማረ እሱ ብቻ ነው።

ማልሚ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ። ነገር ፍለጋ ነው። እኔም ለጣሂር ሁሉም እየሰማ ነገርኩት፦ «ይሄ እያለህ መጥፋት የሚባል ነገር የለም። ቤት የሚለውን ተጫን፣ ቀስቱን ተከተል፣ ማንንም አትስማ።»

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ሊነጋጋ ሲል ወጡ። ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወፎቹ ወዳሉበት። ነፋስ ቀላል።

ሌሎቹ ጀልባዎች አመሻሽ ላይ ገቡ። ሴቶቹ ዓሣውን እየቀደዱ ነው፣ ጢሱ እዚህ ይደርሳል። የጣሂር አልገባም። የዓሣው መንጋ አርቆ ወስዷቸው ይሆናል። ጂፒኤስ አለው።

እሁድ፣ ኤፕሪል 13

አልገቡም።

ሞተር ነው። ያ ሞተር ባለፈው ወርም አስቸግሯል። ኢድሪስን ነግሬዋለሁ።

ሐዋ ከምድጃው አትነሳም። ሁለት ጊዜ ሩዝ ቀቅላ ሁለቱንም ጊዜ አረረባት።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ነፋስ ከሰሜን፣ ትንሽ በርትቷል።

የመንደሩ መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ ነው የዋልነው። ሴቶቹ በተራ ሻይ ያፈላሉ፣ ወንዶቹ በተራ ይወጣሉ። አምስት ጀልባ ወጣ። የጠረፍ ጠባቂ መርከብም መጥቷል። የመርከቡ ሹም ወጣት ነው፣ ጨዋ፣ ካርታውን ዘርግቶ የሚያውቅ ሰው አምጡልኝ አለ። መንደርተኛው በሙሉ ዞሮ ያየው እኔን ነው። ደረቴን ነፋሁ፣ አልዋሽም።

ጠፍተው ይሆን ወይስ ሞተር ነው አለኝ። «ጌታዬ፣ ጂፒኤስ የያዘ ሰው አይጠፋም» አልኩት። «ሞተር ተበላሽቶባቸው ነው። ከማስገሪያው አካባቢ አይርቁም።» ካርታው ላይ ክብ አሰመርኩለት። ሹሙ አመሰገነኝ። ማልሚ ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነበር፤ «ኮከብ ያየ ሰውም ይጠፋል» አለ። ሹሙ ካርታውን ጠቀለለ።

ስወጣ አንዲት ሴት ለሌላዋ፣ «የሐዋ ባል ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» ስትል ሰማሁ። እንዲህ ያለ ነገር መስማት ለሰው ልጅ ጥሩ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15፣ ረፋድ

ልጻፈው።

ዩኑስ ጧት መጣ። የጎረቤት መንደር ካፒቴን ነው፣ ከኔው ጋር አንድ ዓይነት ጂፒኤስ አለው። ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት ሹሙ የሰጠውን የቦታ ቁጥር እንዳስገባለት ነው የመጣው። ሳሎን ተቀምጠን ከፈትኩት። መስታወቱ ባዶ። ሰማይ እየፈለገ ነው። ጠበቅሁ፣ አሁንም ይፈልጋል። ተበላሽቷል እንዴ አልኩት። ዩኑስ ሳቀ። «ጣራ ሥር መቼ ሠርቶ ያውቃል፣ ጋሼ ራፊቅ? እርስዎ ነዎት እኮ ያስተማሩኝ» አለ፤ ይዞትም ደጅ ወጣ።

እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ክው ብዬ። ረቡዕ ማታ በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ጣራ ሥር፣ የኔው ሳጥን ጀልባ እያሳየ ቤት አስገብቷል።

ከመለማመጃው አውጥቼዋለሁ? ዘጋሁት። መዝጋቱን ዘግቻለሁ። ማውጣቱን ግን

ዩኑስ ከደጅ ጠራኝ። ሄጄ ቁጥሩን አስገባሁለት። ቁጥሩ እኔ ያሰመርኩት ክብ ነው።

ማክሰኞ፣ ማታ

ረጋ ብዬ ላስብ።

አንደኛ ነገር፣ ሲዘጋ ከመለማመጃው በራሱ ይወጣ ይሆናል። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። መርከቡ ላይ የነበረው እንደዚያ ነበር፣ ወይም ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ ጣሂር ልጅ አይደለም። ሳጥኑ ቢቀባጥር ያውቅበታል። ከጥግ ላይ መለማመጃ የሚል ጽሑፍ አለ። በእንግሊዝኛ ነው። ደቃቃ ነው። ጣሂር እንግሊዝኛ አያነብም።

ሦስተኛ፣ እንዲያው ብናገርና ሞተሩ ሆኖ ቢገኝስ? ሹሙን ካለበት አንስቼ ወደ ባዶ ባሕር ሰድጄው እዚያው ክቡ ውስጥ ቢሞቱስ? እርግጠኛ ሳይሆኑ መናገርም ነፍስ ማጥፋት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ነገ ክቡ ውስጥ ያገኟቸዋል።

ሐዋ መጥታ፣ «ምን እየጻፍክ ነው?» አለችኝ። ነፋሱን አልኳት። ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «አንተ አለህልን» ብላኝ ሄደች። እዚያው ብሞት በወደድኩ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16

ከዩኑስ ጋር ፍለጋ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ክቡ ውስጥ። ፀሐይ። ምንም። አንድ የሞተ ዔሊ።

ውሃ ስንት ቀን ይበቃቸዋል አለ ዩኑስ። ሁለት ጀሪካን፣ ቢቆጥቡ አምስት ቀን አልኩት። ጣቱን ቆጠረ። እኔም ቆጠርኩ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ነፋሱ ዞሯል» አልኩ። ነፋሱ አልዞረም ነበር።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

ከሱብሂ ሰላት በኋላ ማልሚን ለብቻው አገኘሁት። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ነገርኩት። መለማመጃውን፣ ካልፔኒን፣ ሳይወጣ የቀረ ይመስለኛል ማለቴን፣ ሁሉን። አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ፤ ዛሬ ሌሊት ነው ትዝ ያለኝ አልኩት።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ምነው በጮኸ። ፊቱ አመድ መሰለ፣ እጁ ግንቡን ፈልጎ ያዘ። ከዚያ እንደ ተማሪ ይጠይቀኝ ጀመር። «ሳጥኑ ከየት ነው የምመጣው ብሎ ያምናል?» ከካልፔኒ፣ በተከፈተ ቁጥር እንደገና ከዚያ ይነሳል አልኩ። «ካልፔኒ ከኛ ሰሜን ናት። ስለዚህ ቤት የሚለውን ሲጫኑ ቀስቱ ወዴት ያመለክታል?» አልኩት፦ ወደ ደቡብ። እነሱ ከደሴቱ ደቡብ ምዕራብ ሆነው፣ ቤታቸው በስተኋላቸው ሆኖ፣ ሳጥኑ ወደ ደቡብ ሂዱ ይላቸዋል። በሄዱ ቁጥር ቀረባችሁ ይላቸዋል።

«ልጄ ቀስቱን ተከትሏል» አለ ማልሚ። «ማንንም አትስማ ተብሏላ።»

ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ አሰላ። ነዳጁ ይህን ያህል ይወስዳቸዋል፤ እዚያ ሲደርሱ የሰሜን ኮከብ ከቤት ቋጠሮ በአንድ ጣት ያህል ይወርዳል፤ ኢድሪስ ሰሌዳውን ይዟልና ያያል፣ ካየም ወደ ሰሜን ሊመለስ ይሞክራል፤ ነዳጅ ካለቀ ግን በዚህ ወር ውሃው ወደ ምዕራብ ይጎትታል። እጄን ይዞ ወደ ሹሙ ወሰደኝ። እሱ ነበር የሚመራኝ፣ ያ ዓይኑ የደከመው።

ሹሙ ሰምቶ አየኝ። አልተሳደበም። የማልሚን ጣት ወደ ማይል ለውጦ፣ ቦታውን በመርከቡ ጂፒኤስ ለፍለጋ ከፋፍሎ ወዲያው ተነሳ። ሁለት ቀን ይፈጃል አለ።

ሐዋ የሰማችው ከጎረቤት ነው። «ረሳህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ሰው ነህ» አለችና አለቀሰች።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ምንም ወሬ የለም። በጁምዓ ላይ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ለመነ። እኔ ምን ብዬ ልለምን? ቀኑን መልስልኝ ይባላል?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

ተገኙ። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ወሬው በሬዲዮ መጣ። ማልሚ ካሰላው ቦታ ብዙም ሳይርቁ።

«ስድስት ሰው» አለ ሹሙ። ሰምቼዋለሁ፣ ግን ስድስት ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝም። ድገመው አልኩ። ስድስት አለ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 20

መርከቡ ገባ። ስድስቱን አወረዷቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ሐዋ አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየች አልፋ መጨረሻው ጋ ስትደርስ ከኋላቸው ያለውን ባዶ መሰላል ታይ ነበር።

ኢድሪስ ማታ ቤት መጥቶ ለማልሚ ተረከለት። አልጋ ላይ ነበር መተኛት የነበረበት፤ መንገር አለብኝ ብሎ መጣ። ቅዳሜ ማታ ቀስቱን ተከትለው ሲሄዱ ኢድሪስ ሰሌዳውን ነክሶ ቆመ። ኮከቡ ከቋጠሮው በታች ነው፣ ቤት በስተኋላችን ነው አለ። ጣሂር አሥር ማይል ቀርቶናል ብሎ ሳቀበት። ከዚያ ሳጥኑ ደርሳችኋል አለ። ምልክቷ ደሴቷ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ሲሉ የደሴቷ የመብራት ማማ ብርሃን የለም፣ ዛፍ የለም፣ ውሃ ብቻ።

«ያን ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን» አለ ኢድሪስ። «አንዱማ ደሴቷ ሰጠመች ብሎ አለቀሰ።» ሲዞሩ ነዳጁ አለቀ። በኮከቡ እየተመሩ፣ ሸራ ሰቅለው ወደ ሰሜን ታገሉ። ውሃው ግን ወሰዳቸው።

ጣሂር ሰኞ ላይ የውሃ ድርሻውን መጠጣት ተወ። እኔ ነኝ ያጠፋኋችሁ፣ ጠጡ ይላቸዋል። እንቢ ብሏቸው፣ ተማጽነውት፣ በግድ ይዘውት፣ ተፍቶታል። የሞተው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በዐስር ሰላት ነው። ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ ሰግደውበት ለባሕር ሰጡት።

ማልሚ ልጁ መጨረሻ ላይ የተናገረውን ጠየቀ። ኢድሪስ እኔን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ።

«የራፊቅ ዕቃ አይሳሳትም፣ እኔው ነኝ አንድ ነገር ያበላሸሁት፤ ይቅር በለኝ በሉት አለ።»

ተነስቼ ደጅ ወጣሁ። ከአጥሩ ጀርባ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የጎረቤት ሴቶች ደግፈው መለሱኝ፤ «አይዞህ፣ አንተ ባታስታውስ ኖሮ ስድስቱም አይኖሩም ነበር» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

አስከሬን የሌለው የጀናዛ ሰላት ተሰገደ። ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ። ነፋስ አላየሁም።

ሐሙስ ጧት ተናገርኩ፣ ቅዳሜ ጧት ተገኙ። ሁለት ቀን። ማክሰኞ ጧት ላይ ሁለት ቀን ስጨምር ሐሙስ ጧት ይሆናል። ዐስር ሰላት ገና ነው። በየትኛውም በኩል ብጀምረው ያው ነው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

ከቀትር በኋላ ማልሚ ጠራኝ። የማልሚዎችን መጽሐፍ ጭኑ ላይ አድርጓል። አይቼው አላውቅም ነበር። አባቱ፣ አያቱ፣ ከዚያም በፊት የነበሩት የጻፉበት ነው። ጉዞ አይደለም የሚጻፍበት፣ ስሕተት ነው። ማን የት አለት ላይ ወጣ፣ ማን የትኛውን ኮከብ በየትኛው ሳተ፣ ከኋላ የሚመጣው እንዳይደግመው። የጠፋው ሰው ቤተሰብ ያስጽፋል፣ ያጠፋው ይጽፋል። ወጉ ነው አለኝ።

«ዓይኔ አያይም፣ አንተ ጻፍ» አለ። ስም፣ ዕለት፣ ቦታ ነገረኝ፣ ጻፍኩ። የሳጥኑን ነገር ራስህ ጻፈው አለኝ፣ ጻፍኩ። ሳጥኑ አልዋሸም የሚል እንዳይቀር አለ፤ የተነገረውን ነው የመለሰው፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ከእንግዲህ የሚወጡትም ይያዙት፣ ግን ደጅ ወጥተው ኮከቡንም ይዩ። ይህንንም ጻፍኩ።

ከዚያ፣ «ስሕተቱ የታወቀበትን ዕለት ጻፍ» አለ።

ብዕሩ ቆመ። ሐሙስ ብዬ ልጽፍ ነበር። ፊደሉን ጀምሬም ነበር። ከላይ ያሉት የሞቱ ሰዎች ጽሑፍ አንዱም አልተሰረዘም። አንዱ የራሱን ወንድም አሰጠምኩ ብሎ ጽፏል፣ ከነሰዓቱ። ከሱ ሥር ውሸት ማስፈር አቃተኝ። ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15፣ ረፋድ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬም፣ ያወቀው ሰው እስከ ሐሙስ ዝም አለ ብዬ ጨመርኩ።

«አንብብልኝ» አለ። አነበብኩ። ማልሚ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሐሙስ ላይ ሲደርስ እጁን ጨበጠው። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ድገመው» አለኝ።

ሁለተኛውን ጊዜ ሳነብ ሐዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።